ርዕሱ ላይ «በአይጦች» የምትለውን ቃል አትርሱብን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን «ለኦቲዝም መድኃኒት ተገኘ» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩት። ሙከራው የተደረገው በአይጦች ላይ መሆኑን ያወቅሁት መጨረሻው አንቀጽ ላይ ስደርስ ነው። ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የአይጥ ምርምር ይናቅ አልልም፤ እንዲያውም ከዚያ ርዕስ የተሻለ ክብር ይገባዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ዜናው በወጣ ማግስት ጎረቤቴ ገጹን በስልኳ ፎቶ አንስታ መጣች። «መምህር፣ ይሄ መድኃኒት ኮምቦልቻ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ ላስልክ?» አለችኝ። ልጇ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም። ደጃፍ ላይ ቆርኪ በመስመር ሲደረድር ይውላል። አንዷን የነካበት እንደሆነ ጩኸቱን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ባጃጅ ሲያልፍ ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዛል። እሷ ያልወሰደችው ጠበል፣ ያላስደረገችለት ዱአ የለም። ከሁሉም የሚያንገበግባት ግን የሰው አፍ ነው። «ስልክ እየሰጠችው ነው»፣ «በሷ ወገን ያለ ነገር ነው» ይሏታል፤ ያውም የራሷን ቡና እየጠጡ።

መድኃኒቱ ገና የለም ስላት «ታዲያ ለምን ጻፉት?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ለእናንተ አስተላልፌአለሁ። እኔ ግን ጥናቱ የሚጠቅማት ሌላ ነገር እንዳለው ነገርኳት።

በ22ኛው ክሮሞዞማችን ላይ ሻንክ 3 የሚባል ጂን አለ። የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚቀባበሉበትን መገናኛ አጽንቶ የሚይዝ ፕሮቲን የሚሠራው በሱ ትእዛዝ ነው። ይህ ጂን ከተበላሸባቸው ልጆች ብዙዎቹ ላይ ኦቲዝም ይታያል። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመራማሪው የጉዎፒንግ ፌንግ ቡድን ይህንኑ ጂን አይጦች ላይ አበላሽቶ አየ። አይጦቹ ቆዳቸው እስኪቆስል ድረስ ፀጉራቸውን መላስና መፋቅ አላቆም አሉ። ከሌላ አይጥ ጋር መቀራረብም ተዉ።

መቀራረብ የሚለካው ሦስት ክፍል ባለው ሳጥን ነው። አይጧ መሀል ትገባለች። በአንድ ጎን ባዶ የሽቦ ቅርጫት ይቀመጣል፤ በሌላው ጎን ቅርጫት ውስጥ የማታውቃት አይጥ ትኖራለች። ጂኗ ያልተበላሸባት አይጥ ብትሆን እንግዳዋን ለማሽተት ትሮጣለች። ጂኗ የተበላሸባት ግን ለእንግዳዋ ደንታ የላትም። በየክፍሉ የቆየችበት ሰዓት ይመዘገባል።

እነዚህ የሚነጻጸሩ አይጦች አብዛኛውን ጊዜ ወንድማማች ናቸው። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ አንድ ጡት የጠቡ፣ አንድ መኖ የበሉ። የተለያዩት በዚያ ጂን ነው። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ «የአይጧ እናት ምንም አላጠፋችም ማለት ነው?» አለች። ምንም! የሻንክ 3 ብልሽት ደግሞ በአብዛኛው ከአባትም ከእናትም ያልተወረሰ፣ ልጁ ላይ አዲስ የሚፈጠር ነው። «በማን ወገን ነው?» የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ያበቃል። እናትን መወንጀል የኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካና አውሮፓም ስመ ጥር ሐኪሞች ሳይቀሩ «ኦቲዝም የሚመጣው እናት ፍቅር ስትነፍግ ነው» ሲሉ ኖረዋል። በ1977 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በመንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት የዘር ድርሻ ከባድ መሆኑን እስኪያሳይ ድረስ ስንት እናት ተሸማቃ ኖረች!

ግን አይጥ አይናገርም፣ ትምህርት ቤትም አይሄድም። የምናየው የሚመሳሰል ጠባይ ነው እንጂ ኦቲዝምን ራሱን አይደለም። ሻንክ 3 ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ውስጥ ከመቶ አንዱን ቢያብራራ ነው፤ ከኦቲዝም ጋር የተያያዙት ጂኖች ከ100 ይበልጣሉ። ፍራጃይል ኤክስ የሚባለውን፣ ከኦቲዝም ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚታይ የዘር ችግር የሚያሳይ አይጥ በ1994 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ፣ መድኃኒቶችም አይጦቹ ላይ በደንብ ሠርተው ነበር። ሰው ላይ ሲሞከሩ ግን አልሆነም። የመድኃኒት ኩባንያው ኖቫርቲስ ማቮግሉራንት የተባለውን መድኃኒት ለፍራጃይል ኤክስ መሞከሩን በ2014 እ.ኤ.አ. አቆመ። ተስፋ የሚሰጥም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የፌንግ ቡድን ሻንክ 3ን ጎልማሳ አይጦች ላይ መልሶ ሲያበራው ራስን መፋቁ ቀነሰ፣ መቀራረቡም ተሻሻለ። ፍርሃቱና የሰውነት ቅንጅት ጉድለቱ ግን አልተመለሰም፤ እነዚህ የተሻሻሉት ጂኑ ገና በልጅነት ሲመለስ ነው። እንዲህ ብትጽፉት ዜናው ይቀንስ ነበር? እኔ እንጃ፣ ለኔ እንዲያውም ይጨምራል።

ስለዚህ «በአይጦች» የምትለዋን ቃል ርዕሱ ላይ አድርጉልን። በሽታው የተጠናበትን ጂን ስም፣ ሰው ላይ ተሞክሮ እንደሆነና እንዳልሆነም ጻፉ።

ሌላም አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ከደሴ እስከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ልጅ ይዞ መመላለስ ለስንቱ ይቻላል? እዚህ ትምህርት ቤት በር ላይ «እኛ አንችልም» ተብለው የሚመለሱ ልጆች አሉ። ንግግርና የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያለማምድ ባለሙያ ማግኘት ለወላጅ ትልቅ ጭንቅ ነው። ጋዜጠኛ ልካችሁ እነዚህን ወላጆች አነጋግሩ። የትምህርት ኃላፊዎችንም መምህራን የሚሠለጥኑት መቼ እንደሆነ ጠይቁልንና መልሳቸውን አትሙት።

የባዮሎጂ መምህር
ከደሴ፣ ወሎ