ከኮራሉ በፊት ባትሪው

ስቱትጋርት፣ ጀርመን

ይድረስ ለወንድሜ ለይበልጣል፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማዬና አባዬ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገና አልለቀቀንም። ሱቃችን ግን ለዓሦቹ ሲባል ሁልጊዜ ስለሚሞቅ ከቤቴ ይልቅ እዚያ መዋል ይሻለኛል። እባክህ ለእማዬ አስረዳልኝ፤ የምሸጠው ዓሣ የሚታይ እንጂ የሚበላ አይደለም። ባለፈው ስንደዋወል «ታዲያ ገዝተው ምን ያደርጉታል?» ብላኝ መልስ አጣሁላት።

ባለሆቴሉ እንግዳ መቀበያው ውስጥ የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ ከነኮራሉ፣ ማለትም አበባ ከሚመስሉት የባሕር እንስሳት ጋር፣ እንድትሠራለት መጠየቁ ደስ ብሎኛል። ደብረ ማርቆስ ላይ የባሕር ዓሣ! ነገር ግን የላክህልኝን የዕቃ ዝርዝር ሳየው ገንዘቡ በሙሉ የተመደበው ዓይን ለሚያየው ነው፤ ለመስተዋቱ፣ ለአምፖሉ፣ ለዓሣው። በዚህ ሥራ ገንዘብ መውጣት ያለበት ከሥር ተደብቆ ለሚውለው ዕቃ ነው። እዚህ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ስለ አምፖል እናወራዋለን፤ አንተ ግን ከባትሪው ጀምር።

ምክንያቱም ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እናንተ ዘንድ የሚይዘው 5 ሚሊግራም ገደማ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ የውሃው ገጽ ይረጋል፤ ዓሣውና ገንዳው ውስጥ በሚደረደረው ድንጋይ ላይ ያለው ባክቴሪያ ያችኑ ትንሽ ኦክስጅን ይሻሙባታል። ውሃው ገና ሳይቀዘቅዝ ዓሣው ታፍኖ ያልቃል።

ስለዚህ ውሃውን የሚያናውጠው ፓምፕ በዲሲ፣ ማለትም ባትሪ በሚሰጠው ዓይነት ኤሌክትሪክ፣ የሚሠራ ይሁን፤ በ12 ቮልት የሚሠራ ብታገኝ ደግሞ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር ኢንቨርተርም አያሻህም። ሒሳቡን አንተ ከእኔ ታውቀዋለህ፦ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የሶላር ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀምበት 600 ዋት ሰዓት ይሰጥሃል፤ 10 ዋት የሚበላ ፓምፕ በዚህ ከሁለት ቀን በላይ ይሄዳል። ባለሆቴሉ «ጄኔሬተር አለኝ» ይልህ ይሆናል። ጄኔሬተር የሚያስነሳ ዘበኛ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ባትሪ አይተኛም።

መጠኑን በተመለከተ 600 ሊትር ካለ ተከራከረው። ውሃው ብቻ ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ የሚጠይቀው ጨውና የማሞቂያ ኤሌክትሪክም በዚያው ልክ ነው። 250 ሊትር ይበቃዋል። ከዚያ ያነሰ ደግሞ አልመክርም፤ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይበከላል።

ከገንዳው ሥር ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሁለተኛ ገንዳ ታስቀምጣለህ፤ እዚህ ሳምፕ ይሉታል። ውሃው ከላይ ሞልቶ በቧንቧ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፤ እዚያ ተጣርቶና ሞቆ በፓምፕ ይመለሳል። የቧንቧው ሥራ ያንተ ሙያ ስለሆነ ብዙ አልልህም፤ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ነሐስና መዳብ ውሃውን እንዳይነካው። መዳብ ለሰው በማይታወቅ መጠን ኮራሉንና ሽሪምፑን ይገድላል። ዘወትር የምትገጥመው ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ጥርስ ያለው መጋጠሚያው ውስጥ ነሐስ አለበትና እሱን ተወው፤ ከነቫልቩ ሙሉ በሙሉ ፒቪሲ ይሁን። ሁለተኛ፣ ፓምፑ ሲቆም ከላይኛው ገንዳ የተወሰነ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ በመመለሻው ቧንቧ በኩልም ወደ ኋላ ይሳባል። በመመለሻው ቧንቧ ላይ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርገህ ቀዳዳ ብሳ፤ አየር ሲገባበት መሳቡ ይቆማል። ከዚያ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱን ንቀል፤ ሳምፑ ሳይፈስ የወረደውን ውሃ ሁሉ ከያዘልህ፣ ፓምፑ በሥራ ላይ ሳለ ሳምፑ ውስጥ ውሃው የነበረበትን ከፍታ የሳምፑ መስተዋት ላይ በማርከር አስምርበት። ከዚያ መስመር በላይ ማንም እንዳይሞላ። የሆቴል ምንጣፍ ስንት እንደሚያወጣ አንተ ታውቃለህ።

ሳምፑ ውስጥ ከሚገቡት ዕቃዎች ሁሉ የማትቆጥብበት ስኪመር ነው። አየርን አድቅቆ በጣም ጥቃቅን አረፋ አድርጎ ውሃው ውስጥ ይለቃል፤ የዓሣው ኩስና የምግቡ ትራፊ ገና ሳይበሰብስ አረፋው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣና ጽዋው ውስጥ ይጠራቀማል። እማዬ ቅቤ ስታነጥር አረፋውን እንደምትገፈው ያለ ነው። ጽዋው ውስጥ የሚቀረው ዝቃጭ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሽታው ለእንግዳ መቀበያ ስለማይሆን በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይደፋ። ለእናንተ ደግሞ ድርብ ጥቅም አለው፤ ቀኑን ሙሉ ውሃውን ከአየር ጋር ስለሚያማታ የኦክስጅኑንም ችግር ያቃልላል። 500 ሊትር ያስተናግዳል የተባለውን ግዛ፤ ፋብሪካዎች በካርቶን ላይ የሚጽፉት ቁጥር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው።

ጣና ላይ እምቦጭ የተስፋፋው ከእርሻ በጎርፍ ታጥቦ በሚገባው ማዳበሪያ ጭምር ነው አይደል? እዚህም ነገሩ ያው ነው። ከኩሱና ከምግቡ ትራፊ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት ከበዛ ድንጋዩ ሁሉ አረንጓዴ አልጌ ይለብሳል። ስለዚህ ከሳምፑ አንዱን ክፍል ለይተህ ትንሽ አምፖል ስጠውና አልጌውን ሆን ብለህ እዚያ አብቅለው፤ እያደገ ሲሄድ እየቆረጥህ ትጥላለህ፣ ቆሻሻው አብሮት ይወጣል። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው ግን ይንቀዋል።

የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይገባም። ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጣራ፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ያስፈልግሃል። የቧንቧችሁ ግፊት ከ3 ባር ካነሰ ግፊት የሚጨምር ፓምፕ ጨምርበት። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማውጣት ሦስትና አራት ሊትር ይጥላል፤ የሚጣለውን ለልብስ ማጠቢያው ክፍል አገናኘው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ንጹሑን በበርሜል አከማች። ውሃ ሲተን ጨው አይተንምና በየቀኑ የሚጨመረው ያለ ጨው ነው፤ ይህን ለሆቴሉ ሠራተኞች ደጋግመህ ንገራቸው። ጨው የሚገባው ውሃው ሲቀየር ብቻ ነው፤ በሊትር 35 ግራም ያህል። የወጥ ጨው አይሆንም፤ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ አብሮ ያለበት የባሕር ጨው ነው የሚፈለገው። ለመጀመሪያው ሙሌት 10 ኪሎ ግራም ገደማ ይበቃል።

ማሞቂያውን ባለ 150 ዋት ሁለት አድርገው፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እስኪነጋ ያደርሳል። የደብረ ማርቆስን ሌሊት እኔም አልረሳሁትም፤ የገንዳውን ጀርባና ጎን በስፖንጅ አልብሰው። ላዩን ግን በመስተዋት አትክደነው፤ አየር ይፈልጋል፣ መረብ ይበቃዋል።

አምፖሉ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ድንጋያማ አጽም ያላቸው ኮራሎች ከፍተኛ ብርሃን ይሻሉ፤ ከአገር አገር ለማዘዋወርም ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል። በለስላሶቹ ጀምር፤ መካከለኛ ኤልኢዲ ይበቃቸዋል። ባለሆቴሉ ለፋሲካ ዓሣ አምጣ ቢልህ እሺ አትበለው። ዓሣው የሚያወጣውን መርዝ፣ አሞኒያውን፣ የሚበላው ባክቴሪያ ድንጋዩ ላይ እስኪራባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ እስከዚያ የሚገባ ዓሣ በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። ከተቆጣ ስልኬን ስጠውና እኔ አስረዳዋለሁ።

አሁን ሦስት ነገር ጽፈህ ላክልኝ፤ ገንዳው የሚቆምበት ቦታ ስፋት፣ የቧንቧው ግፊት፣ መብራት ከጠፋ ቢበዛ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ። የእኛም የእናንተም ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ፣ ቮልቱም ተቀራራቢ ስለሆነ ከዚህ የሚገዛው ዕቃ እዚያ ይሠራል፤ ከአሜሪካ የሚላክልህን ግን ቮልቱን ሳታይ እንዳትሰካ። በሚቀጥለው ወር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አለ፤ ስኪመሩንና የጨው መለኪያውን በእሱ እልካለሁ። ጨው ስለሚከብድ እዚያው የሚያስመጣ ነጋዴ ፈልግ።

ለአባዬ የዓይን መድኃኒቱን አብሬ እልካለሁ። ሁላችሁንም ሰላም በልልኝ።

እህትህ ጥሩወርቅ