ከሰውነት የማይወጣ ኬሚካል በ90 ቀን አይፈተንም

ለኬሚካል ምዝገባና ፈቃድ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በአካባቢና በሰውነት ውስጥ ለዓመታት የሚቆዩ ኬሚካሎችን የካንሰር ምርመራ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ፒኤፍኦኤ የሚባለውን ኬሚካል ታውቁታላችሁ። ምግብ የማይጣበቅበትን መጥበሻ ሽፋን ለማምረት ለአሥርተ ዓመታት ሲያገለግል የኖረው ነው። ይህን ኬሚካል ሴት አይጥ ብትውጠው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግማሹን በሽንቷ ታስወጣዋለች። ወንዱ አይጥ ቀናት ይፈጅበታል። ሰው ግን ግማሹን ለማስወጣት ከ2 እስከ 4 ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ፍረዱ። ሴቷ አይጥ ላይ «ችግር አልታየም» ተብሎ ቢጻፍ፣ የተፈተነው ኬሚካሉ ነው ወይስ የአይጧ ኩላሊት?

ለዚህ ነው በሚሊግራም ብቻ የተጻፈ ሪፖርት የማያሳምነኝ። አይጧ ስንት ዋጠች ሳይሆን ደሟ ውስጥ ስንት ተገኘ፣ ያ መጠን ከሰው ደም ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው ተብሎ ይጠየቅልን።

የጊዜውም ነገር አለ። ብዙ ኬሚካሎች የሚቀርብላቸው የ28 ወይም የ90 ቀን ጥናት ነው። ካንሰር በ3 ወር ብቅ አይልም። መደበኛው የካንሰር ፈተና 2 ዓመት ይወስዳል፤ ይህ ማለት የአይጥ ዕድሜ አብዛኛው ነው። ለእያንዳንዱ የመጠን ደረጃ ቢያንስ 50 ወንድና 50 ሴት አይጦች ይመደባሉ። በመጨረሻ ጉበቱ፣ ቆሽቱ፣ ታይሮይዱ፣ ሁሉም በስሱ እየተቆረጠ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ውድ ነው፣ አድካሚም ነው፣ አልክድም። በዚያ ላይ ከ1,000 አንዱን ብቻ የሚይዝ ካንሰር በ50 አይጥ ውስጥ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከፍተኛ መጠን ይሰጣል፤ ከዚያ አምራቹ «ይህን ያህል ማን ይጠጣል?» ብሎ ይከራከራል። በትንሽ በትንሹ 40 ዓመት የሚጠጣው ሰው ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ መሆኑን ግን አያነሳም።

ሌላው ፅንስ ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1967 ከነፍሰ ጡሮች ደም ተወስዶ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ነበር። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ያ ደም ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ይኖርበት እንደሆነ ተመረመረ። በልጅነታቸው ለዲዲቲ በብዛት የተጋለጡት እናቶች የጡት ካንሰር ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት ደግሞ በማህፀን ሳሉ የተጋለጡት ሴት ልጆቻቸውም እንዲሁ። ያን ደም ያስቀመጠ ሰው ባይኖር ይህን ማን ያውቅ ነበር? አዋቂ አይጥ ላይ ብቻ የሚጀመር ፈተና ይህን ሊያሳየን አይችልም።

እስካሁን የሆነው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረው ፒሲቢ እ.ኤ.አ. በ1929 መመረት ጀመረ፤ ካንሰር አምጪነቱ ያለ ጥርጥር ተረጋግጦ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንደኛ ምድብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ፒኤፍኦኤ እዚያው ምድብ የገባው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ስምንት ካርቦን ያለው ፒኤፍኦኤ ሲከለከል ደግሞ ስድስት ካርቦን ያለው ዘመዱ ተተካ። ዘመዱ እስኪፈተን ስንት ዓመት ልንጠብቅ ነው?

የምንለምነው ከባድ አይደለም። አንድ ኬሚካል ከሰውነትና ከውሃ ቶሎ እንደማይወጣ ማወቅ የ2 ዓመት ጥናት አይፈልግም፤ አስቀድሞ ይታወቃል። እንደማይወጣ ከታወቀ፣ ከፅንስ ጀምሮ የሚፈትን የ2 ዓመት ጥናት ሳይቀርብ ፈቃድ አይሰጥ። ተተኪ ነው የተባለውም በራሱ ይፈተን እንጂ በዘመዱ ስም አይለፍ። ከሕዝቡም በየጊዜው የደም ናሙና ተወስዶ ይቀመጥ።

እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ነገር ዛሬ ማድረግ ትችላላችሁ። ቶሎ የማይወጡ መሆናቸው እየታወቀ ያለ 2 ዓመት ጥናት የፈቀዳችኋቸውን ኬሚካሎች ዝርዝር፣ ከነፈቃዱ ቀን፣ ይፋ አድርጉልን።

ከአክብሮት ጋር