የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሳይከፈት የሚጠየቅ ሮስተር

ክበባችን ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜ ያዋለው አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህራችን በየሴሚስተሩ መጨረሻ «በሂሳብ ከ50 በታች ያመጡት እነማን ናቸው?» ይላሉ። የማጠናከሪያ ትምህርት የሚመደበው በዚህ ዝርዝር ነው። መልሱ ግን በየክፍል ኃላፊ መምህሩ የኤክሴል ሮስተር (የውጤት መዝገብ) ውስጥ ተበትኗል። አንዱን መክፈት፣ መፈለግ፣ ኮፒ ማድረግ፣ መዝጋት፣ ደግሞ ወደ ቀጣዩ። ዝርዝሩ እስኪያልቅ የማጠናከሪያው ጊዜ ይጋመሳል።

ፋይሎቹን ሳይከፍቱ መጠየቅ ይቻላል። ኤክሴል ውስጥ ቪቢኤ የሚባል የኮድ መጻፊያ አለ። እሱ ላይ ኤዲኦ በሚባለው የዳታቤዝ ማገናኛ በኩል ኮዱ የተዘጋውን ፋይል እንደ ዳታቤዝ ያየዋል። እያንዳንዱ ሺት አንድ ሠንጠረዥ ሆኖ ይቆጠራል። ከዚያ ኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ «ከዚህ ሠንጠረዥ ሂሳቡ ከ50 በታች የሆነውን ስጠኝ» ብሎ ማዘዝ ነው። ኮዱ ፋይሎቹን ተራ በተራ ይዞራል፤ መልሱን አንድ ሺት ላይ ይደረድራል።

መጀመሪያ የተማርነው ጥንቃቄ ነው። የተማሪ ውጤት የተማሪው ገበና ስለሆነ ልጆቹ የተለማመዱት የተማሪ ስም በተሰረዘባቸው ኮፒዎች ላይ ብቻ ነው። በልምምዱ ጊዜ ዋናዎቹን ፋይሎች ማንም አልነካም።

ጅማሬው አታካች ነበር። የሺቱ ስም መጨረሻ ላይ የዶላር ምልክት ካልተደረገ፣ ሁሉም በማዕዘን ቅንፍ ካልታጠረ ኮዱ አይሠራም። የኮምፒውተር ቤተ ሙከራው ውስጥ 32 ቢት ኦፊስ ያላቸው ኮምፒውተሮች አሉ፤ 64 ቢት ያላቸውም አሉ። የማገናኛው ሾፌር (ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም) ከኦፊሱ ጋር ካልገጠመ አንዱ ላይ የሚሠራው ኮድ ሌላው ላይ እምቢ ይላል። በፓስወርድ የተቆለፈ ሮስተርም በዚህ መንገድ አይነበብም። መምህሩ ፋይሉን ከፍተው እየሠሩበት ሴቭ ያላደረጉት ውጤትም አይታይም፤ ኮዱ የሚያነበው ዲስክ ላይ ያለውን ነው።

አማርኛው ብቻውን ብዙ አሠራን። የቪቢኤ መጻፊያው ፊደላችንን አይቀበልም፤ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ያስቀረዋል። «9ኛ ሀ» የሚለውን የሺት ስም ኮዱ ውስጥ መጻፍ አልተቻለም። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ስሙን ኤክሴሉ ሴል ላይ ጽፋ ኮዱ ከዚያ እንዲያነብ አደረገች። እንዲህ ቀላል መፍትሔ ስታገኝ ማየት የመምህርነት ትልቁ ደስታ ነው። የስም አጻጻፍም ሌላ ጣጣ ነው። ደሴ ላይ መሐመድ የሌለበት ክፍል የት ይገኛል? አንዱ መምህር መሐመድ፣ ሌላው ሙሐመድ፣ ሦስተኛው መሀመድ ብሎ ይጽፋል። ለኮዱ ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ተማሪን በመታወቂያ ቁጥር እንጂ በስም አንፈልግም ብለን ወሰንን።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ይሄ ነው። ኮዱ ያወጣውን ዝርዝር ስም ከሌለበት የወረቀት ሮስተር ጋር ሲያመሳክሩ ልጆቹ የጎደሉ ተማሪዎች አገኙ። ኮዱ ምንም ስህተት አላሳየም። ለካ ሾፌሩ የአንድን ኮለም ዓይነት የሚወስነው፣ ካልቀየሩት በቀር፣ የመጀመሪያዎቹን 8 ረድፎች አይቶ ነው። ስምንቱም ቁጥር ከሆኑ ኮለሙን የቁጥር ይለዋል። ታች ላይ መምህሩ «አልተፈተነም» ብለው ከጻፉ ቃሉን ባዶ ያደርገዋል። ባዶ ደግሞ ከ50 በታች ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ፈተና ያመለጠው ልጅ፣ ማጠናከሪያው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ፣ ከዝርዝሩ ድምፁን ሳያሰማ ይወጣል።

መፍትሔው የርዕስ ረድፉን እንደ ተራ ረድፍ ማስቆጠር ሆነ። ኮዱን ከፋይሉ ጋር በሚያገናኘው መስመር ላይ ኤችዲአርን (የመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ነው ወይ የሚለውን) «ኖ»፣ አይሜክስን (የተደባለቀ ኮለም እንደ ጽሑፍ ይነበብ የሚለውን) 1 ማድረግ ማለት ነው። ያኔ «ሂሳብ» የሚለው ቃል ከቁጥሮቹ ጋር ስለሚደባለቅ ሾፌሩ ኮለሙን በሙሉ ጽሑፍ አድርጎ ያነበዋል፤ የሚጠፋ ነገር የለም። ከዚያ ቁጥሮቹን መልሶ ወደ ቁጥር መቀየርና «አልተፈተነም» የተባሉትን ለብቻ ማውጣት የእኛ ሥራ ነው። አሁን ኮዱ ሁለት ዝርዝር ይሰጣል፤ ከ50 በታች ያመጡትንና ያልተፈተኑትን። ከእያንዳንዱ ክፍል ስንት ረድፍ እንዳነበበም ይጽፋል። ቁጥሩ ከወረቀቱ ሮስተር ጋር ካልገጠመ ዝርዝሩ ከክበቡ አይወጣም።

ኮዱ በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ በዋናዎቹ ሮስተሮች ላይ ሠርቷል። ያን ቀን ኮምፒውተሩ ላይ የነበርነው ምክትል ርዕሰ መምህሩና እኔ ብቻ ነን።

መብራት እየጠፋ የተቋረጡብን ቀኖች ነበሩ። ከኮምቦልቻ የሚመላለሱ አባሎቻችንም የሐረጎን ቁልቁለት በጊዜ እንዲወርዱ ስንል ቶሎ እንበተን ነበር። ለከርሞ የክበቡን ሰዓት ወደ ምሳ ሰዓት ለማምጣት ጠይቀናል። የክፍል ኃላፊ መምህራንንም አንድ ነገር እንለምናለን፦ የሮስተሩ ኮለሞች ቅደም ተከተል በሁሉም ክፍል አንድ ይሁን፤ የመታወቂያ ቁጥር ኮለሙም ባዶ አይተው። ቀጥሎ የምንሠራው የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት መዝገብ ነው። ኮድ ጽፎ የማያውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪም መመዝገብ ይችላል።