ከመጨረሻው ደረጃ የተነሳው አሰልጣኝ

ሰላም ውድ አባላት፣

ለቅዳሜው ውይይታችን የመረጥኩት ሰው ቻይናዊው ያኦ ቢን ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ዶርትሙንድ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ከሉዋን ቦ ጋር በጥንድ የበረዶ ላይ ሸርተቴ ተወዳደረ። መጨረሻ ወጡ። ተመልካቹም ሳቀባቸው። ምን ያድርጉ? ወንዱ ሴቷን የሚያነሳበትንም የሚወረውርበትንም ስልት የተማሩት ፎቶ እያዩ ነው። ፎቶ ደግሞ እጅ የት እንደሚያዝ ያሳይ ይሆናል እንጂ ሴቷ እንዴት አየር ላይ እንደምትወጣ አያሳይም።

ያኦ ግን ስፖርቱን አልተወም፤ አሰልጣኝ ሆነ። ሼን ሹዌና ዣው ሆንግቦ በ2002 የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት በእሱ እጅ ነው። በ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ ላይ ወርቁን አጠለቁ። ብሩን የወሰዱት ፓንግ ቺንግና ቶንግ ጂያንም የእሱው ሠልጣኞች ናቸው! እኔን ሁሌም አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው።

እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት የሼንና የዣውን የቫንኩቨር ውድድር እዩት። ውርወራው ላይ ስትደርሱ፣ ሼን በረዶው ላይ ስታርፍ እግሯን ልብ ብላችሁ እዩልኝ።