የማዕቀብን ጉዳት የሚያጠና ሰው ከየት ይጀምር?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ኢራን ማዕቀብ በሚጻፉ ዘገባዎች የሕዝቡ ኑሮ ምን ያህል እንደወደቀ የሚሰላው ብዙ ጊዜ በሪያል (በኢራን ገንዘብ) የሚከፈለውን ደመወዝ በጥቁር ገበያ የዶላር ዋጋ በማካፈል ነው። ስሌቱ ያሳስታል። የቤት ኪራይ፣ ዳቦና የአውቶቡስ ታሪፍ ከዶላር እኩል አይዘሉም፤ ዶላር በሦስት እጥፍ ተወደደ ማለት ሰው የሚበላው ወደ ሲሶ ወረደ ማለት አይደለም።

ዕድሜውን በዚህ ጥናት ላይ ያሳለፈ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቀድሞ የሚያየው የኢራን ስታቲስቲክስ ማዕከል በየዓመቱ የሚያካሂደውን የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናት ነው። መረጃው ጥሩ ቢሆንም ወጥመድ አለው። የኢራን ዓመት የሚጀምረው ማርች 21 አካባቢ ነው። አሜሪካ ከኢራን ጋር በ2015 ከተደረገው የኑክሌር ስምምነት የወጣችው እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2018፣ የነዳጅ ማዕቀቡ የተመለሰው ኖቬምበር 5 ነው፤ ሁለቱም በኢራን አቆጣጠር 1397 ውስጥ ይወድቃሉ። ያን ዓመት ሙሉውን «የማዕቀብ ዓመት» ብሎ የሚቆጥር ጉዳቱን ያሳንሳል። ቀጣዩ 1398ም የማዕቀቡን ጉዳት ለብቻው አያሳይም፤ በኖቬምበር 2019 መንግሥት የቤንዚንን ሊትር ከ10,000 ሪያል ወደ 15,000፣ በወር ከ60 ሊትር በላይ ለሚቀዳ መኪና ደግሞ ወደ 30,000 አወጣው።

ድሃ ቤተሰብ ከሀብታሙ ይልቅ ከገቢው ሰፋ ያለ ድርሻ ለምግብ ያወጣል። ምግብ ከሌላው ፈጥኖ ሲወደድ ወጪውን በአጠቃላይ የዋጋ ንረት ማስተካከል የድሃውን ጉዳት ይሸሽገዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የማዕቀቡን ድርሻ ከመንግሥት ፖሊሲ መለየት ነው። በዲሴምበር 2010 ኢራን የነዳጅና የዳቦ ድጎማ ቀንሳ ለእያንዳንዱ ሰው በወር 455,000 ሪያል መክፈል ጀመረች። ክፍያው መጀመሪያ ላይ ድህነትን ቀንሶ ነበር፤ መጠኑ ግን ለዓመታት ሳይጨምር ባለበት ቀረ። ከ2012ቱ የአውሮፓ የነዳጅ እገዳ በኋላ የድሃው አቅም ሲሟጠጥ፣ ከፊሉ የማዕቀቡ፣ ከፊሉ የዚያ ባለበት የቀረ ክፍያ ሥራ ነው። ሁሉንም ለአንዱ የሚሰጥ ተመራማሪ እየተሟገተ እንጂ እየለካ አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ሥር በነበረችው ኢራቅም ጉዳቱን መለካት እንዲሁ አከራክሯል፦ የ1999ኙ የዩኒሴፍ ጥናት በመካከለኛውና በደቡቡ ክፍል የሕፃናት ሞት ከእጥፍ በላይ ጨመረ ሲል፣ ከ2003 በኋላ የተካሄዱት ጥናቶች ያን ጭማሪ አላገኙትም።

ወደ ምንዛሪው ልመለስ። ያ 455,000 ሪያል በ2010 ወደ 45 ዶላር ያወጣ ነበር። በኤፕሪል 2018 በተወሰነው ይፋ ተመን (ለአንድ ዶላር 42,000 ሪያል) 11 ዶላር ያህል ነበር፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በገበያው ዋጋ ከ5 ዶላር በታች። ጋዜጣችሁ ሪያልን በዶላር ሲጠቅስ የትኛውን ተመንና የትኛውን ወር እንደተጠቀመ አብሮ ቢያሰፍር።

ከአክብሮት ጋር