ከጎርፍ ቀጠና ውጭ ያለ ቤትም መድን ያስፈልገዋል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአሜሪካ ቤት የገዙ ብዙ ወገኖች፣ ፌማ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው ካርታ ላይ ቤታቸው ከከፍተኛ ስጋት ቀጠና ውጭ በመሆኑና አበዳሪው ባንክም ስላላስገደዳቸው ብቻ የጎርፍ መድን አያስፈልገንም ብለው መደምደማቸው ተገቢ አይመስለኝም። ካርታው የሚለየው በአንድ ዓመት ውስጥ ጎርፍ የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነበትን ስፍራ ነው፤ ከመስመሩ ማዶ ላለው ቤት ስጋቱ አነሰ እንጂ አልጠፋም። በ2017 ሃሪኬን ሃርቪ የተባለው ከባድ ማዕበል የቴክሳስን ከተማ ሂዩስተንን ባጥለቀለቀ ጊዜ ውሃ ከገባባቸው ቤቶች እጅግ ብዙዎቹ ከቀጠናው ውጭ ነበሩ።

የተለመደው የቤት መድን በድንገት የፈነዳ ቧንቧ ያደረሰውን ጉዳት ቢከፍልም፣ ከመንገድ ሞልቶ በበር ሥር የገባውን ውሃ አይሸፍንም፤ ይህን ብዙ ሰው የሚረዳው ምንጣፉ ከራሰ በኋላ ነው። በ1968 የተቋቋመው ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራም ለመኖሪያ ቤት እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ሽፋን ይሰጣል። ሆኖም ውሉ በአብዛኛው የሚጸናው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ማዕበሉ በቴሌቪዥን ሲነገር መሯሯጥ ፋይዳ የለውም። ከመሬት በታች የተሠራ ክፍል (ቤዝመንት) ያለው ሰው ደግሞ ሽፋኑ እዚያ ውስን መሆኑን ይወቅ።

ኮረብታ ላይ ለተሠራ ቤት ወጪው ላያዋጣ ይችላል፤ ያንን ግን ባለቤቱ የአካባቢውን የውሃ መውረጃ አይቶ ይወስን እንጂ ለባንኩ ዝምታ አይተወው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ