ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ታላቁ ቡናማ ድብ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው እሑድ በስልክ ያነሣሽው ጥያቄ በቂ መልስ ሳያገኝ ስለ ቀረ በጽሑፍ ልመለስበት ወደድኩ። በአጥር ውስጥ ያለን ድብ አይቶ መደነቅ ተገቢ ነው ወይስ ራስን ማታለል ነው ብለሽኝ ነበር። በመጪው ሰኔ አላስካ ሄደሽ በካትማይ ብሔራዊ ፓርክ ሥራ ስለምትጀምሪ ጥያቄው ለወሬ ያህል የተነሣ እንዳልሆነ ይገባኛል። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

እኛ ያደግነው ድብ በሌለበት አገር ነው። ድብን የምናውቀው ብላቴናው ዳዊት ከአባቱ በጎች ጠቦት ሲነጥቅ አሳዶ የገደለው አውሬ ተብሎ ሲነገረን ነበር እንጂ መልኩን የነገረን አልነበረም። ስለዚህ ሲያትል መጥቼ በዉድላንድ ፓርክ የእንስሳት ማቆያ ኪማና ዴናሊ የተባሉትን፣ ግሪዝሊ ከሚባለው የቡናማ ድብ ዘር የሆኑ ወንድማማቾች ሳይ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ነበር። ሁለቱም በ1994 ተወልደው እስከ እርጅናቸው እዚያው የኖሩ ናቸው። አንቺን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከመስታወቱ ጋር ተጠግተን ስንቆም የአንዱ ድብ ትንፋሽ መስታወቱን ሲያደበዝዝ፣ ጫፉ ነጣ ያለው ጠጉሩ ከውኃ ሲወጣ ጠብ ጠብ ሲል፣ እንደ ጣቴ የረዘመው ጥፍሩ አንዲት ትንሽ ፍሬ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በዝግታ ፈልቅቆ ሲያወጣ አይተናል። እንደ በሬ ሻኛ ጉብ ያለው ትከሻው ስብ ሳይሆን መሬት የሚቆፍርበት ጡንቻ መሆኑንም የተረዳሁት እዚያ ቆሜ ነው። በዱር ቢሆን ይህን ያህል ቀርቤ፣ ይህን ያህል ጊዜ ወስጄ ላየው አልችልም ነበር። ያንን መደነቅ ዛሬ ሐሰት ነበር ልልሽ አልፈልግም።

ደግሞም በአጥር ውስጥ ያሉ ድቦች ያስተማሩን ቀላል አይደለም። አንቺ የተማርሽበት፣ ፑልማን ከተማ ያለው ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ1986 ጀምሮ የግሪዝሊ ምርምር ማዕከል አለው፤ ድቦቹ በማር ተባብለው በፈቃዳቸው ደም እንዲያስቀዱ የተለማመዱ መሆናቸውን የነገርሽኝ አንቺ ራስሽ ነሽ። ድብ ከበረዶው ወራት በፊት ያለ ልክ ይወፍራል፤ ከተኛም በኋላ ለወራት አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይጸዳዳም፤ ሰውነቱም የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ለኢንሱሊን መታዘዝ ያቆማል። ጸደይ ሲገባ ግን ያለ አንዳች መድኃኒት ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ጡንቻውም አጥንቱም እምብዛም አልተጎዳም። አያትሽ በስኳር በሽታ ስትሠቃይ ያየሁ ሰው ነኝና ይህን በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ይህ እውቀት ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ካለ የዱር ድብ በቀላሉ አይገኝም።

ነገር ግን በመስታወት በኩል ፈጽሞ የማይታይ ነገር አለ፤ እሱን ያየሁት አላስካ ውስጥ ናክኔክ በምትባል መንደር ነው። እንደ ብዙ ያገራችን ልጆች እኔም አሜሪካ እንደ ገባሁ እዚያ ብሪስቶል ቤይ በሚባለው የባሕር ሰላጤ ዳር ባለ ፋብሪካ ሳልመን የሚባለውን ዓሣ በማጽዳት ሠርቻለሁ። በሰኔ ማብቂያና በሐምሌ ሶክአይ የሚባለው ሳልመን ከባሕር ወደ ተወለደበት ሐይቅ ይመለሳል፤ በ2022 ወደ ብሪስቶል ቤይ የተመለሰው ዓሣ 79 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከእኛ እጅ ያመለጠው ዓሣ የናክኔክን ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሐይቁን አቋርጦ፣ በካትማይ ፓርክ ውስጥ ያለው ብሩክስ ወንዝ ይገባል። እዚያ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ትንሽ የሚያንስ ፏፏቴ መንገዱን ይዘጋበታል፤ ፏፏቴው ላይ ደግሞ አንቺ የምትጠብቂያቸው ድቦች ቆመው ይጠብቁታል።

አንድ ሌሊት ከፈረቃ ወጥቼ፣ ሰማዩ ገና ሳይጨልም፣ አንዲት እናት ድብ ከሁለት ግልገሎች ጋር ውኃው በሸሸበት ጭቃ ላይ አየሁ። ዓሣውን በአንድ መዳፏ መሬት ላይ ይዛ ቆዳውን በጥርሷ ከጅራቱ እስከ ራሱ ገፈፈችው፤ ቆዳውንና እንቁላሉን በላች፣ ጭንቅላቱን ሰበረች፣ ሥጋውን ግን ለግልገሎቿና ለወፎቹ ትታው ሄደች። ዓሣ ሲበዛ ድብ የሚመርጠው ስብ ያለበትን ብቻ እንደ ሆነ በኋላ አነበብኩ። በእንስሳት ማቆያ ውስጥ ያለ ድብ የተሰጠውን ይበላል፤ ይህችኛዋ ግን መርጣ፣ ንቃ፣ ትታ ሄደች። ጀርባዬ ቀዝቅዞ ወደ መኝታ ቤቱ በዝግታ ተመለስኩ። ፍርሃቱ ከአድናቆቱ ሊለይ የማይችል ነበር፤ መስታወቱ የሚያስቀርብን ይህንን ይመስለኛል።

አንድ ሌላ ነገርም እዚያው ተረዳሁ። ወንዙ ዳር በቆሙ ማማዎች ላይ ሰዎች ወጥተው የሚያልፈውን ዓሣ በዓይናቸው ይቆጥራሉ፤ በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ። ለናክኔክ የተቀመጠው ግብ ከ800,000 እስከ 2 ሚሊዮን ሶክአይ ሽቅብ እንዲያልፍ ነው፤ ቆጠራው ካነሰ መረብ መጣል ይከለከላል። መረብ ሲታገድ የእኛም የሥራ መስመር ይቆማል፣ የሰዓት ክፍያችንም ይቀንሳል። ብዙዎቻችን ወደ አገር ቤት ገንዘብ የምንልክ ስለ ነበርን መቆሙ ይከብደን ነበር። ቢሆንም በዚያ ወንዝ ዛሬ ድብ የሚኖረው ሰው ትርፉን ገትቶ ዓሣው እንዲያልፍ ስለ ተወ ነው። ለእኔ አድናቆት የሚለካው በዚህ ነው።

ፏፏቴው ላይ የምታዪያቸውን ድቦች በስም ታውቂያቸዋለሽ። በ2024 ሐምሌ ቸንክ የተባለው ግዙፍ ወንድ ግሬዘር የተባለችውን እናት ድብ ግልገል ገደለባት፤ በዚያው ዓመት ሕዝቡ በኢንተርኔት የወፈረውን ድብ ሲመርጥ በመጨረሻው ዙር የተገናኙት እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ፣ ያሸነፈችውም እሷ ናት። በ2025 ደግሞ ቸንክ መንጋጋው ተሰብሮ ሳለ አሸነፈ። ሰዎች ይህን እንደ ተከታታይ ድራማ ሲያዩት ቅር ይለኛል፤ የግልገሉ ሞት እውነተኛ ሞት ነው፣ ቸንክም ክፉ አይደለም። ጥርሱ ያለቀውን ሽማግሌውን ኦቲስን ግን እኔም እወደው ነበር፤ ወጣቶቹ ሲራኮቱ እሱ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ዓሣው እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር። ከ2023 በኋላ አልታየም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አሁን ዉድላንድ ፓርክ ያሉት ጁኒፐርና ፈርን ናቸው፤ ጁኒፐር አላስካ ውስጥ ብቻዋን የተገኘች፣ ፈርን ከሞንታና የመጣች፣ ሁለቱም በ2022 ያለ እናት የቀሩ ግልገሎች። ድብ ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እናቱን እየተከተለ ነው ምን እንደሚበላና የት እንደሚተኛ የሚማረው፤ እነዚህን ሁለቱን ጫካ መልሶ መልቀቅ ለሞት አሳልፎ መስጠት ይሆን ነበር። ስለዚህ ማቆያው ምሕረት ነው እላለሁ፤ ምትክ ግን አይደለም። ከአላስካ በታች ባሉት ግዛቶች በአንድ ወቅት 50,000 ያህል ግሪዝሊ እንደ ነበረ ይገመታል፤ ዛሬ 2,000 ገደማ ነው። ከሲያትል በመኪና ጥቂት ሰዓት በሚያስኬደው በሰሜን ካስኬድስ ተራሮች በአሜሪካ በኩል ግሪዝሊ በእርግጠኝነት የታየው ለመጨረሻ ጊዜ በ1996 ነው። በ2024 የፌዴራል መንግሥቱ በየዓመቱ ከሦስት እስከ ሰባት ድብ ለመመለስ ወሰነ። እሑድ እሑድ ጁኒፐርን ሊያይ ከሚሰለፈው ሕዝብ መካከል በተራራው ላይ ድብ እንዲኖር የማይፈልግ አለ፤ የእሱ አድናቆት ግን አልገባኝም፣ ሊገባኝም አይችልም።

አንቺ እዚያ ስትደርሺ የምለምንሽ ጥቂት ነው። ርቀትሽን ጠብቂ፤ 45 ሜትር የሚለውን ደንብ ለጎብኚ ብቻ የወጣ አድርገሽ እንዳትወስጂው። ኪስሽ ውስጥ ለቅምሻ ያህል እንኳ ምግብ አይኑር፤ የሰው ምግብ የለመደ ድብ መጨረሻው ጥይት ነው። ጎብኚዎቹን ስታስተምሪም ፏፏቴው ላይ ቆመው ድቡን ብቻ ፎቶ ሲያነሱ ካየሽ፣ ከበታቹ የሚዘለውን ዓሣ አሳዪያቸው፣ ከየት መጥቶ በማን እጅ እንዳለፈም ንገሪያቸው። እናትሽ ወፍራም ሹራብሽን በዚህ ሳምንት በፖስታ ትልክልሻለች። ሥራ ስትጀምሪ የቸንክ መንጋጋ እንዴት እንደ ሆነ ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።
አባትሽ